የሮቤ ጿሚ አሳዎች

ከባሕር ዳር ተነሥቶ አሳ ፍለጋ ባሌ ድረስ የሚሄድ ሰው ጤና የለውም አለችኝ ባለቤቴ ሻንጣዬን እያሰረችልኝ። አልፈረድኩባትም። ጣና በራችን ላይ ተኝቷል፤ ቀረሶውና አምባዛው ገበያውን ሞልቶታል። እኔ ይህን ሁሉ ጥዬ፣ አገር አቋርጬ፣ የማልበላውን አሳ ልይዝ ነው። የማልበላው ያልኩት ዐቢይ ጾም ስለገባ ነው። ያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ የገቡበት ነበር፤ መንግሥት ከተለወጠ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የምሠራው አሳ ምርምር ላይ ነው፤ እንዲህ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል እንጂ ሥራዬ መረብ መጣል፣ አሳ መመዘንና የሌሎችን ሰዎች ዕቃ መሸከም ነበር። ከዚህ ልውጣ ብዬ ለሁለተኛ ዲግሪ ተመዘገብኩ። የያዝኩት ጥናት ስለ ተጓዥ አሳዎች ነው። የጣና ነጭ አሳ ክረምት ሲመጣ ከሐይቁ ወጥቶ ወንዝ ሽቅብ ይጓዛል፤ መንገድ ላይ ብዙም አይበላም፣ አንጀቱ ዙሪያ ባጠራቀመው ስብ ነው የሚኖረው። በሌላ አገር ደግሞ ከወንዝ ወደ ባሕር የሚወርዱ አሉ፤ እነሱ ላይ ከረሃቡ ሌላ ጨው ይጨመርባቸዋል። የተራበ አሳ ጨው ውስጥ ሲገባ ስቡ ቶሎ ያልቃል ወይስ ይቆጠባል? ጥያቄዬ ይኸው ነው፣ ሌላ ጥበብ የለበትም።

ችግሩ የጣና አሳ በርሜል ውስጥ አልኖር አለኝ። የባሕር ዳር ሙቀት ውሃውን ያፈላዋል፣ አሳው ገና ሳይራብ ይሞታል። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ከሸፈብኝ። አማካሪዬ በመጨረሻ፣ “ባሌ ሂድ፤ ብርድ አለ፣ ትራውትም አለ። ይህም ካልሆነልህ ግን ስምህን ተማሪ መዝገብ ላይ ለማቆየት ምክንያት አይኖረኝም” አሉኝ። ትራውት በንጉሡ ጊዜ ከውጭ መጥቶ ባሌ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ የብርድ አሳ ነው፤ ዘመዶቹ በትውልድ አገራቸው ባሕር ወርደው ይመለሳሉ። መሥሪያ ቤቴም ለዚህ ጉዳይ የሰጠኝ ፈቃድ የመጨረሻው እንደሆነ ነግሮኛል። ስለዚህ የሄድኩት ወይ ዲግሪዬን ይዤ ልመለስ፣ ወይ እስከ ጡረታዬ መረብ ስሸከም ልኖር ነው።

አዲስ አበባ እስክንገባ ያለውን መንገድ የሚያውቀው ያውቀዋል፣ እዘለዋለሁ። ከአውቶቡስ ተራ የጎባውን አውቶቡስ የያዝኩት ሳይነጋ ነበር። ዕቃዬ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ለውሃ አየር የምትነፋ ትንሽ ሞተርና ጥቅል የጎማ ቱቦ ነው። ረዳቱ ቱቦውን አይቶ፣ “ጋሼ፣ ቤንዚን ሊቀዱብን ነው እንዴ?” አለና ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ። ከሻሸመኔ ወዲያ አገሩ ተለወጠ። እኛ ዘንድ ሜዳው ሩዝና ዳጉሳ ነው፣ ሙቀቱም አብሮት ነው፤ እዚህ የታጨደ የስንዴ ማሳ እስከ ዓይን ማለቂያ ተዘርግቶ፣ ነፋሱ ደግሞ በመስኮት እየገባ ጆሮዬን ቆረጠው። ፈረስ እንደ ባሕር ዳር ብስክሌት ነው፤ ሽማግሌውም ሴቷም ይቀመጡበታል።

አዳባ ሳንደርስ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ ለውጦ እስኪጨርስ ፀሐይ ጠለቀች፤ ማታ መንዳት ስለማይቻል አዳባ ልናድር ነው ተባለ። ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ቆሞ ብርዱን ሲረግም፣ ከኋላዬ ተቀምጠው የመጡ አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ከኪሳቸው ቴምር አውጥተው ማደል ጀመሩ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ፣ “አባቴ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ግን ጾም ላይ ነኝ” አልኳቸው፤ በምን ምክንያት እንደዚያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

“እኔስ መቼ በላሁ?” አሉኝ። “ፀሐይዋ ግን ገብታለች። እንካ።”

ቴምሩን ተቀበልኩ። ያደርንበት ቤት አልጋው ሸራ ነው፣ ብርድ ልብሱም ስስ ነው። ባለቤቲቱ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ሰምታ መሰለኝ፣ የራሷን ጋቢ አምጥታ ደረበችልኝና “ሞቃት አገር ነው የመጣኸው?” ብላ ጠየቀችኝ። አዎን ስላት፣ “ታስታውቃለህ” ብላ ሄደች።

ሮቤ የገባሁት በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። መሥሪያ ቤት አብሮኝ የሚውል ጀማል የሚባል ጓደኛ አለኝ፣ የሮቤ ልጅ ነው፤ “ሆቴል ብታድር እኔ ደግሞ አላናግርህም” ብሎ ወንድሙ ቤት እንዳርፍ ልኮኛል። ወንድሙ ኦቦ ከድር የወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው። መናኸሪያው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ባለፈው ቀንም እስኪመሽ ቆመው ጠብቀውኝ፣ ሳልመጣ ሲቀር ጠዋት ተመልሰው መምጣታቸውን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው፤ እሳቸው አላነሡትም። “አካም ቡልቴ፣ ይርጋ! መንገድ አስቸገረህ አይደል?” ብለው ሻንጣዬን ነጠቁኝ። በመንገዳችን ላይ የሱቆቹ ስም በአዲሱ የኦሮምኛ ፊደል ተጽፎ ቀለሙ ገና አልደረቀም። እሳቸው እያነበቡ ይተረጉሙልኛል፣ አንዳንዱን ደግሞ ራሳቸውም ፊደል እየቆጠሩ ነው የሚያነቡት።

ባለቤታቸውን አዴ ሞሚናን በዚያው ቀን ተዋወቅሁ። ወፍራም፣ ፈጣን፣ ሲናገሩ እጃቸው ሥራ የማያቆም ሴት ናቸው። የገቡበት የመጀመሪያ ጭንቀት የኔ ሆድ ነበር። ባሌ ቅቤ የማይገባበት ምግብ የለም፤ ገንፎውም ቂጣውም ጩኮውም በቅቤ ነው። እኔ ደግሞ ቅቤ ከነካው ድስት እንኳ አልበላም።

“ይሄን ነገር ጀማል ነግሮኛል” አሉኝ፤ ከመደርደሪያ አንድ ያልተነካ የብረት ድስት አውርደው። “ይህ ያንተ ነው። ቅቤ አያውቅም። ካንተ ሌላ ማንም አይበላበትም፣ እኔም አልቀምስበትም።”

“ሳይቀምሱ ጨው እንዴት ያውቃሉ?”

“ረመዳን ነው እኮ። ለነሱም ሳልቀምስ ነው የምሠራው። ከሽታው አውቃለሁ።”

በእርግጥም ያውቁ ነበር። እናቴ ቤት በጾም እንደዚያ የጣፈጠ ምስር በልቼ አላውቅም፤ ይህን ግን እናቴ እንዳታነበው።

በሦስተኛው ቀን ከኦቦ ከድር ጋር አሳ ለመያዝ ወደ ዲንሾ ሄድን። የማጥመጃ ፈቃዱን በእጄ ይዣለሁ። ወንዙ ወይብ ይባላል። ለጣና ሰው ወይብ ወንዝ አይመስልም፤ ጥርት ብሎ፣ ጠጠሩ ሁሉ እየታየ የሚሮጥ የበረዶ ያህል የቀዘቀዘ ውሃ ነው። እጄን ከትቼ ወዲያው አወጣሁ። ዲንሾ ላይ ሁሴን የሚባል፣ አሳ በመንጠቆ የሚይዝ ሰው ቀጥረናል። እኛ አገር አሳ አጥማጅ ይጮኻል፣ ይዘፍናል፣ ከጎረቤቱ ታንኳ ጋር ይሰዳደባል። ሁሴን ግን ከጠዋት እስከ ቀትር አንድ ቃል አልተናገረም። እኔ ስናገር እጁን አንሥቶ ዝም ያሰኘኛል። ሲጨርስ ግን ሥራውን ጨርሶ ነበር፤ እጅ የሚያክሉ፣ ጎናቸው ነጠብጣብ የሆነ ትራውቶች በጀሪካን ውስጥ ሲገላበጡ አየሁ። ጀሪካኖቹን በሁለት ፈረስ ጭነን እስከ አስፋልቱ፣ ኧረ አስፋልት የለም፣ እስከ ዋናው መንገድ ወረድን።

ከዚያ የድንች መኪና ላይ ተጫንን። አሳ በተዘጋ ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚታፈን ውሃው መለዋወጥ አለበት። ሹፌሩን ስለምነው ችግር የለም አለኝ። በየወንዙ ቆመ። የተሳፈሩት ገበያተኞች መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ በኋላ ግን ራሳቸው መኪናው ወንዝ ሳያይ እንዳያልፍ መጮህ ጀመሩ። አንዷ ሴትዮ አንዱ ጀሪካን ውስጥ አንገቷን ሰዳ፣ “ይኼኛው ደከመው፣ አቁም!” ትላለች። ሮቤ ስንገባ አንድም አሳ አልሞተብኝም። ባሕር ዳር ከሐይቁ እስከ ቢሮ ያለችውን መንገድ ስንሄድ እንኳ ስንቱ እንደሚሞትብኝ ሳስብ፣ ያን መኪናና ያን ሰው መርቄ አልጠግብም።

ኦቦ ከድር እዚያው ግቢያቸው ካለው ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ፀሐይ በማያገኘው ጥግ ሁለት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል አስቀምጠውልኛል። አየር የምትነፋው ሞተር በመኪና ባትሪ ትሠራለች፤ ባትሪውን የወፍጮው ሞተር ይሞላዋል። አንዱ በርሜል ንጹሕ ውሃ፣ ሌላው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጨው እየጨመርኩ ጨዋማ የማደርገው። ሲመጡ የተወሰኑትን ሆዳቸውን ከፍቼ የስባቸውን መጠን አየሁ፤ ደህና ነበሩ፣ አንጀታቸው ዙሪያ እንደ ጥጥ ፈትል የነጣ ስብ አለ። የቀሩትን እኩል ለሁለት ከፈልኳቸው። ከዚያ በኋላ ሥራው መጾም ብቻ ነው።

ጨው ልገዛ ሱቅ ስሄድ ባለሱቁ የጠየቅሁትን ብዛት ሰምቶ፣ “ማሽአላህ፣ ስንት ከብት አለህ?” አለኝ። በባሌ ከብት ጨው ይወዳል፤ በየወቅቱ ከሩቅ ሆራ ወደሚባለው ጨዋማ ምንጭ እየተነዳ ሄዶ ይጠጣል። ከብት የለኝም፣ ለአሳ ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ “ከብት ጨው ሲጠጣ ይሰባል። አሳም ይሰባል ማለት ነው” አለኝ። እሱን ለማወቅ ነው የመጣሁት ስለው ሳቀና ጨው ጨምሮ መረቀልኝ።

በዚያው ማታ ቤተሰቡን ሰብስቤ አደራ አልኩ። ኦቦ ከድር፣ አዴ ሞሚና፣ ልጆቻቸውና የወፍጮ ቤቱ ሠራተኞች ነበሩ። “አሳዎቹ ምንም ምግብ እንዳይሰጣቸው” አልኩ። ኦቦ ከድር በኦሮምኛ ደገሙት።

“ምንም?” አሉ አዴ ሞሚና።

“ምንም።”

“ኤዬ” አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው።

ቃላቸውን እንዴት እንደጠበቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ከልጆቻቸው አንዱ ቂጣ ይዞ ወደ በርሜሉ ሲጠጋ ከጓሮ ሆነው፣ “ተመለስ፣ ጾም ላይ ናቸው!” ብለው ሲቆጡ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ዶሮዎቹ እንኳ እዚያ ጥግ እንዳይደርሱ እሾህ አጥረውበታል። እንዲህ ያለ ዘበኛ ባሕር ዳር ቢኖረኝ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ።

ቀኖቹ እንዲህ ሆነው አለፉ። ጠዋት ተነሥቼ ውሃውን እለውጣለሁ፣ ሙቀቱን እለካለሁ፣ ጨው እጨምራለሁ። የሮቤ ጠዋት ሣሩን ነጭ አድርጎ ያሳድረዋል፤ ለእኔ ቅጣት፣ ለአሳዎቹ ገነት ነው። ቀን ቀን ግቢው ዝም ይላል። ማንም አይበላም፤ እነሱ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እኔም ከነሱ ፊት መብላቱ ስለከበደኝ እስከዚያው። አመሻሽ ላይ አዛን ሲሰማ ኦቦ ከድር ሳሎን ይጠሩኛል፣ ወንዶቹ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፣ ቴምርና ውሃ፣ ቀጥሎ ለነሱ ሾርባና የምስር ሳምቡሳ፣ ለኔ በብረቷ ድስት የተሠራው ይመጣል። እኔ ቴምሩን አፌ ውስጥ ሳደርግ አዴ ሞሚና ሁልጊዜ ጓሮ ናቸው። የሴት ሥራ አያልቅም ብዬ አልፈው ነበር።

እሑድ እሑድ ለቅዳሴ ጎባ እሄዳለሁ። ጎባ ከሮቤ በሚኒባስ ቅርብ ናት፤ የድሮ የክፍለ ሀገር ከተማ ስለሆነች ሰዎቿ ሮቤን እንደ ታናሽ እህት ነው የሚያዩዋት፣ የታናሿ ማደግ ብዙም ደስ እንደማይላቸው ሁሉ። ለስቡ የሚሆን ደቃቅ ሚዛን ያገኘሁት እዚያ ነው። አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ ጉዳዬን ለባለቤቱ ብነግራቸው፣ ከመስታወቱ ሥር ሚዛናቸውን አውጥተው በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ማን ነህ፣ ከየት ነህ አላሉኝም። “የተዋስኩት እንዳይሰበር እንጂ” ስላቸው፣ “ብትሰብረው አንተ ነህ የምታዝን” ብለው ወደ ሌላ ደንበኛ ዞሩ። ስመለስ ሚኒባስ ጠፍቶ በእግሬ ስጀምር አንድ የማላውቀው ሰው ጋሪው ላይ ጫነኝ። ሚዛኑን እንደ ሕፃን ታቅፌ ሮቤ ገባሁ።

ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ግን አንድ የሚገርም ነገር አየሁ። አሳዎቹ ብርቱ ነበሩ። የጨዉ በርሜል ውስጥ ያሉት ትንሽ ቀዝቀዝ ብለዋል፣ ሆኖም አንድም አልሞተም። ሌላው ደግሞ፣ ማታ አዛን ሊባል ሲል ሁሉም ከሥር ተነሥተው ውሃው ላይ ይመጣሉ። አንድ ቀን ኦቦ ከድርን ጠርቼ አሳየኋቸው። ብርሃኑ ሲቀንስ ነው፣ የትራውት ጠባይ ነው ብዬ በሰፊው አስረዳኋቸው። ኦቦ ከድር አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና፣ “ሱብሐነላህ፣ እነሱም ሰዓቱን ያውቃሉ” አሉ። እኔ በውስጤ ያገር ሰው ሁሉን ነገር ወደ ሃይማኖት ይወስዳል ብዬ ፈገግ አልኩ።

የዒድ ዋዜማ ደረሰ፣ ፈቃዴም አለቀ። ጠረጴዛ ጓሮ አውጥቼ አሳዎቹን መክፈት ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ከንጹሑ በርሜል አወጣሁ፣ ሆዱን ሰነጠቅሁት። ስብ አለ። በጥሩ ሁኔታ አለ። ይህን ያህል ቀን የተራበ አሳ እንዲህ መሆን አይችልም። ጨጓራውን ከፈትኩ። የምስር ቅርፊት አለበት፤ አጠገቡ ደግሞ ደቃቅ የሾርባ ሥጋ። ከጨዉ በርሜል ሌላ አወጣሁ፤ ጨጓራው ውስጥ ያው ምስር፣ ያው ሥጋ። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ዲግሪው ቀረ፣ መረቡ ትከሻዬ ላይ ቀረ ብዬ አሰብኩ። የባለቤቴ ፊት መጣብኝ።

አዴ ሞሚና የዒዱን ሊጥ እያቦኩ ነበር፤ እጃቸውን እየጠራረጉ መጡ።

“አዴ ሞሚና፣ ለአሳዎቹ ምግብ የሰጠ ሰው አለ እንዴ?”

“አለ እንጂ። እኔ ነኛ።”

“እንዳይሰጣቸው ብዬ አልነበረም?”

“ብለሃል” አሉ፣ ምንም ሳይደነግጡ። “ወላሂ ቀን አንዲት ፍርፋሪ ቀምሰው አያውቁም፤ ልጆቹን እንኳ ስንት ጊዜ መታሁልህ። እኔ የምሰጣቸው ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲገባ ነው።”

“መግሪብም እኮ መስጠት አልነበረብንም።”

አሁን ነው የደነገጡት፤ ግን በኔ ነው የደነገጡት እንጂ በራሳቸው አይደለም። “መግሪብማ ሁሉም ያፈጥራል፣ ይርጋ። ሳያፈጥር የሚያድር ጾም የት አለ? እሱ ረሃብ ነው። አንተ ይሄን ሁሉ ቀን ቤቴ ስትኖር ተርበህ አድረህ ታውቃለህ? እንስሳ ከኔ ግቢ፣ በረመዳን፣ እኔ በልቼ እሱ ተርቦ ሊያድር?”

ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። አሳዎቹ እስከ መጨረሻው መራብ እንደነበረባቸው፣ ስቡ የሚያልቀው ሲራቡ እንደሆነ፣ አማካሪዬ ምን እንዳሉኝ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ድምፃችንን ሰምተው ኦቦ ከድር መጡ፤ ሲረዱ ፊታቸው ጠቆረ፣ “እንግዳችንን አጠፋነው” አሉ በኦሮምኛ፣ ቀጥለውም በአማርኛ ደገሙት፣ እኔም እንድሰማው። አዴ ሞሚና መሬት ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉ። እኔን ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ እጃቸው ሥራ ፈትቶ አይቼ አላውቅም።

ነገሩን ለማለሳለስ ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አልነበረም የጠየቅኋቸው፣ “ለየትኛው በርሜል ነበር አብልጠው የሚሰጡት?”

ቀና አሉ። “አብልጬ?”

“ማለቴ ለንጹሑ ወይስ ለ...”

“ሁለት አፍ እያየኝ ላንዱ አዳላለሁ እንዴ?” አሉ፤ እውነተኛ ቁጣ ነበር። “በአንድ ማንኪያ፣ አንዴ ለዚህ፣ አንዴ ለዚህ። የጨዎቹ ቀርፈፍ ይላሉ፣ እስኪጨርሱ ቆሜ ነው የምጠብቃቸው። ሾርባዬ እየቀዘቀዘ። አላህ ፊት ስቆም ለንጹሑ አብልጬ ነበር ልበለው?”

ወደ ጠረጴዛው ዞር አልኩ። ሁለቱ አሳዎች ሰሐን ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል። አንደኛው አንጀቱ በስብ ተጠቅልሏል፤ የጨዉ አሳ አንጀት ግን ቀይ ሆኖ ባዶውን ቀርቷል፣ ላዩ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ነገር ብቻ አለ። እኩል በልተዋል። እኩል ጾመዋል። የተለያዩት በጨው ብቻ ነው። ሌሎቹን እየቸኮልኩ ከፈትኳቸው፣ ስባቸውንም መዘንኩ፤ ሁሉም እንደዚያው ነበሩ። ጥያቄዬ መልሱን ይዞ ሰሐን ላይ ተኝቷል። ይህን ያህል ምግብ እየበሉ ስባቸው እንዲህ ካለቀ ደግሞ፣ እኔ እንዳልኩት ቢራቡ ኖሮ የጨዎቹ አንድ እንኳ እስከ ዛሬ ባልደረሰ ነበር፤ የሞቱ አሳዎች ጥዬ ነበር የምሄደው። ይህን ነገርኳቸው። ኦቦ ከድር ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

አዴ ሞሚና ከመሬት ተነሥተው ሁለቱን ሰሐኖች አዩ፣ የጨዉን አሳ በጣታቸው ነካ አደረጉት፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “ምስኪን፤ እየሰጠሁት እኮ ነው” አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። “ታዲያ አሁን አፉ በለኝ ልበልህ ወይስ አልሐምዱሊላህ?”

“አልሐምዱሊላህ ይበሉ” አልኩ።

በማግስቱ ዒድ ነበር። ከየሰፈሩ ጎረቤት መጣ፣ በግ ታረደ፣ ልጆቹ አዲስ ልብስ ለበሱ። የነሱ ጾም ተፈታ፣ የኔ ገና ብዙ ይቀረዋል። በዚህ ቀን ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ ብዬ ነበር። ምሳ ሲቀርብ ግን አዴ ሞሚና ሰሐን ሲያድሉ አየሁ፤ ለባላቸው፣ ለጎረቤቱ፣ ለወፍጮ ሠራተኞቹ፣ ለልጆቹ፤ በየሰሐኑ ያለውን በዓይናቸው እየለኩ፣ የጎደለውን እየሞሉ። የኔም ሰሐን ከሌላው እኩል ተሞልቶ መጣ፣ ሥጋው በነበረበት ቦታ ምስር፣ ቅቤው በነበረበት ተልባ። ሥጋው ቀዝቅዞባቸው ሳለ እኔ እስክጀምር ማንም እጁን አልዘረጋም።

ሚዛኑን በሰላም ጎባ መለስኩ። ባለቤቱ ጨርቁን ሳይፈቱ መደርደሪያ ላይ አኖሩት። መሄጃዬ ቀን ላይ ኦቦ ከድር ለመንገድ ብለው የጫኑብኝ የገብስ ቆሎና የተልባ ከረጢት ከሻንጣዬ ይበልጥ ነበር፤ አዴ ሞሚና ለባለቤቴ ብለው የሚወዱትን ሻሽ አስጨመሩኝ። ደጅ ቆመው ሸኙኝ። አውቶቡሱ በዶዶላ በኩል ሲወርድ ሙቀቱ እየተመለሰ መጣ፣ ጃኬቴን አወለቅሁ፣ እና ብርዱ እንደሚናፍቀኝ ሳውቅ እኔው ገረመኝ።

ባሕር ዳር ገብቼ ሁለት ቀን ሳልቆይ አማካሪዬ ቢሮ ሄድኩ። አልደበቅሁም። ከአዳባ ጎማ እስከ ዒድ ምሳ ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ምስሩንም፣ ሳምቡሳውንም። እሳቸው ሲስቁ አላየሁም፣ ቁጥሮቹን ብቻ ይመለከታሉ። ብዙ ካዩ በኋላ መነጽራቸውን አውርደው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

“ስቡ በግልጽ ተለያይቷል” አሉ። “ጥሩ ነው። ግን ሁሉ ነገር የሚቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ምግቡ እኩል በመሆኑ። አንተ አልሰፈርክም፣ ቆመህም አላየህም። ሴትዮዋ ለሁለቱም እኩል መስጠታቸውን በምን ታውቃለህ?”

መልስ ፍለጋ አልቸገረኝም።

“ወር ሙሉ ከእጃቸው በልቻለሁ” አልኳቸው።

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ፤ ከዚያ ወረቀቶቹን ሰብስበው ወደኔ ገፋ አደረጉ።

“እንግዲያው እንደሆነው አድርገህ ጻፈው” አሉኝ።